የሶባ ሴቶች የፀሐይ ፓምፕ

ሶባ፣ ሐሙስ፣ ሚያዝያ 18 ቀን 1999 ዓ.ም.

በስደት እዚህ የሚኖሩ የወሎ ሴቶች ተባብረው ያስተከሉት የውሃ ፓምፕ ዛሬ ተፈተነ። የመሐሊያው፣ ማለትም የወረዳው አስተዳደር፣ ሹም ውሃ ሲወጣ ካላየ ፓምፑ የቆመበትን የመንግሥት ቦታ አይፈቅድላቸውም፤ ፓምፑም ይነቀላል። ቧንቧው ተከፈተ። ጠብ የሚል ነገር ጠፋ። ሰብሳቢያቸውን ዘይነባን ላብ አጠመቃት። ላስተረጉምላቸው የመጣሁት እኔ ቀና ስል፣ ዳሱ ጣሪያ ላይ ያለው ፓምፑን የሚያንቀሳቅሰው የፀሐይ ሰሌዳ በነጠላ ተሸፍኗል።

«እታለም፣ ይኼ ምንድን ነው?» አልኳት ዘይነባን።

«ፀሐይ እንዳያነደው ነዋ፣ ጋሼ! አዲስ ዕቃ እኮ ነው።»

ነጠላው ሲነሣ ውሃው ተንዶለዶለ። ነገሩን በዐረብኛ ስነግረው ሹሙ በሳቅ ፈረሰ።

«ያላ፣ በሉ እንግዲህ፣ ቦታውን ሰጥተናችኋል። ፓምፑ ግን የእናንተ ነው፤ ቁልፉንም እናንተው ያዙት» አለ።

የፈራሁት ቁልፉን እንዳይወስድባቸው ነበር። ዘይነባ መቀነቷ ጫፍ ላይ ቋጠረችው። የሚቀጥለው ሹም ምን እንደሚል እንጃ፤ ዛሬ ግን ልቤ አርፏል።