ገልብጠው ሳያዩ የማያሳልፉት እትዬ ገልብጡት

እኅታችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በ1952 ዓ.ም. ተወለዱ። ስምንተኛ ክፍል ሳሉ አባታችን ስላረፉ ትምህርቱን ትተው፣ በአሥራ ሰባት ዓመታቸው እኔ የምሠራበት የልብስ ፋብሪካ ገቡ። በ1975 ዓ.ም. የፋብሪካውን መካኒክ አግብተው ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ።

ሥራቸው የተሰፋውን መመርመር ነበር። ሸሚዝ እጃቸው ሲገባ ፊቱን አያዩም፤ መጀመሪያ ውስጡን ነው። እኛ ስንቸኩል «በሉ ገልብጡት» ይሉናል። ስማቸውም እትዬ ገልብጡት ሆኖ ቀረ።

በ2001 ዓ.ም. ገበያ ቀዘቀዘና ፋብሪካው ሰው ሊቀንስ አሰበ። አንድ ቀን ጠዋት እንደ ወትሮው የፊርማ ወረቀት ዞረ። እኛም እንደ ልማዳችን፣ እጃችን ማሽኑ ላይ እንዳለ፣ አርባ ሦስት ሰው ፈረምን። የመጀመሪያዋ እኔ ታላቃቸው ነበርኩ፤ ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ። እሳቸው ዘንድ ሲደርስ ገለበጡት። ጀርባው ላይ «ከፊት ገጽ የፈረምነው ሠራተኞች በገዛ ፈቃዳችን ሥራ ለቀናል» ይላል።

ሥራ አስኪያጁ መጥቶ «ሴትዮ፣ ያንቺ ሥራ ልብስ ማየት ነው» ቢላቸው፣ «ይሄም እዚሁ የተሰፋ ነው፤ ውስጡን ሳላይ አላሳልፍም» አሉት። ወረቀቱን አጥፈው ደረታቸው ውስጥ ከተቱት፤ በምሳ ሰዓት የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ሄደው ከሰሱ። አለቃ እናድርግሽ ተባሉ፤ እምቢ አሉ። መጋዘን ጥረጊ ተባሉ፤ ጠረጉ። ወረቀቱን አምጪ ሲባሉ ግን ወይ ፍንክች! እኔም ልጆችሽን አስቢ ብዬ ለምኛቸው ነበር። «እነሱን ሳስብ ነው» አሉኝ።

በሰባተኛው ወር ወረቀቱ ውድቅ ተደረገ። አንድም ሰው አልተባረረም፤ ሥራው እስኪያንሰራራ በየሳምንቱ እየተፈራረቅን ሠራን።

ባለፈው ዓመት ሳንባቸውን ታመው፣ የሐኪሙን ማዘዣ ሳይቀር እየገለበጡ ሲታከሙ ቆይተው፣ ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በስድሳ አምስት ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና እኔን ትተው ሄደዋል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ያሳርፍልን፤ እዚያም ሰው ሲበደል ካዩ ዝም አይሉምና ይታገሣቸው።

አሁን ልጆቼ፣ ይህ የሕይወት ታሪካቸው የታተመበትን፣ የያዛችሁትን ወረቀት ገልብጡት። ጀርባው ላይ የአርባ ሦስታችን ስምና ፊርማ አለ። ይህንን ግን አይተን ነው የፈረምነው።