ስሜን ተርጉመው ላጠፉብኝ ክቡር ባለሙያ

ይድረስ ለዚያ ለሩቁና ለብርዳማው አገር የቋሚ ነዋሪነት ጉዳዮች መምሪያ፣ በተለይም መዝገቤን ለያዙትና በደብዳቤያቸው ግርጌ በስማቸው ፈንታ ሁለት ፊደልና አንድ ቁጥር ላስቀመጡት ክቡር ባለሙያ፤

ለመሆኑ ማመልከቻችንን የሚያነበው ሰው ነው? ይህን ጥያቄ በእናንተ ደጅ የቆመ ሁሉ አንድ ቀን ለራሱ ሳይጠይቅ አልቀረም። እኔም ስጠይቅ ከርሜ፣ ባለፈው ሰኞ ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ መልሱን አገኘሁ። ለካ ይነበባል። ባይነበብ ይሻለኝ ነበር።

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ይህ ዓለሙን ያስጨነቀ ወረርሽኝ እርስዎንና ቤተሰብዎን ዘልሎ እንዲያልፍ፣ ጭምብልዎ ጆሮዎን እንዳይቆርጥዎ፣ ቤትዎ ሆነው የሚሠሩበት ወንበርም ወገብዎን እንዳይዘው ከልብ እመኛለሁ። ምኞቴ ከራስ ወዳድነት የጸዳ እንዳይመስልዎ፤ እርስዎ ለአንድ ቀን ቢያስነጥስዎ የእኔ መዝገብ ወራት እንደሚተኛ አይቼዋለሁ።

እንዳይምታታብዎ ራሴን ላስተዋውቅ። የኔአለም ሙላት እባላለሁ። የጉንደ ወይን ልጅ ነኝ፤ ደብረ ማርቆስ ተምሬ በውኃ ምህንድስና ተመርቄአለሁ። ባለቤቴ ደመላሽ እናንተ አገር በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ይሠራል፤ ከእናቶቻችሁና ከአባቶቻችሁ አንዳንዶቹን የሚያጥባቸውና የሚያጎርሳቸው እሱ ነው። ጥር 2013 መጥቶ አገባኝ፤ ከሥራ የወሰደው ዕረፍት አልቆ ጫጉላውን እንኳ ሳይጨርስ ተመለሰ፤ እኔም ልከተለው አመለከትኩ። እስከዚያው እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም። ቋንቋችሁን በስልክ አጥንቻለሁ፤ የከተማችሁ የፍሳሽ ማጣሪያ ስንት ኩሬ እንዳለው ከእርስዎ ይልቅ እኔ ሳላውቅ አልቀርም። ሻንጣዬ አልጋዬ ሥር ተዘግቶ ተቀምጧል። እናቴ ወለተ ኪዳን ቤቱን በጠረገች ቁጥር እያነሳች «ይቺ ሻንጣ ከአንቺ በፊት ትሄዳለች» ትለኛለች።

የጠየቅኋችሁ «ቋሚ ነዋሪነት» ነበር። ከሁለቱ ቃላት የመጀመሪያዋን ያለ ስስት ሰጥታችሁኛል፤ ይኸው ቆሜአለሁ።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ። «ጋብቻው እውነተኛ ስለመሆኑ መምሪያው ጥርጣሬ አለው፤ በቂ ማብራሪያ ካልቀረበ መዝገቡ ይዘጋል» ሲሉ የዘረዘሯቸውን ምክንያቶች አንድ በአንድ ማመስገን ይገባኛል።

፩ኛ. የሰርጌን ፎቶግራፍ እንዲያ በጥሞና ስለተመለከቱልኝ አመሰግናለሁ። የገዛ አክስቶቼ እንኳ እንደዚያ አላዩትም። «የታዳሚዎቹ ፊት አይታይም፤ ሙሽራዋም በሁሉም ምስል አንገቷን ደፍታለች፤ ደስተኛ አትመስልም» ብለዋል። ፊት ያልታየው ጭምብል ስለተደረገ ነው፤ ጭምብል የተደረገውም የእርስዎ አገር ጭምር «አድርጉ» ስላለ ነው። አንገቴን በተመለከተ ግን፣ በእኛ አገር ሙሽራ ከአባቷ ቤት ስትወጣ ጥርሷን ካሳየች «ስትቸኩል ነው የከረመችው» ትባላለች፤ የልጅ ልጅ እስክታይም ይነሳባታል። ዲግሪም ይዤ ከዚህ ሐሜት የማመልጥበትን ቀመር አላገኘሁም። እውነቱን ካስወጡኝ ልንገርዎ፦ ከጭምብሉ ሥር እስከ ጆሮዬ ድረስ ስስቅ ነው የዋልኩት። ማንም አያየኝም ብዬ ነበር። የሚያየኝ እርስዎ እንደሆኑ መች ገባኝ!

፪ኛ. የጤና ምርመራዬ ጊዜው እንዳለፈበት ስላስታወሱኝ አመሰግናለሁ። ያለፈበት እናንተ ዘንድ ተቀምጦ ነው። ለዚያ ምርመራ በደጀን በኩል ዓባይ በረሃን ወርጄ ወጥቼ፣ ግማሽ ወንበሩ ባዶ በሆነ አውቶቡስ አዲስ አበባ ድረስ ሄጃለሁ። ረዳቱ ደጀን ኬላው ላይ «ጭምብል የሌለው ይውረድልኝ!» እያለ ሲያፋጥጠን ቆይቶ፣ ቁልቁለቱ ሲጀምር የራሱን አውልቆ ኪሱ ከተተው። እሱ ቢያንስ ሕጉ የት ላይ እንደሚያልቅ ያውቃል። ወተት እንኳ ሲያድር እርጎ ይሆናል፤ የእኔ ጤንነት ግን እናንተ መሳቢያ ውስጥ ሲያድር ጥርጣሬ ሆነ። መልካም፤ ድጋሚ እሄዳለሁ። በረሃውም ለምዶኛል።

፫ኛ. እዚህ ላይ ምስጋናዬ ትንሽ ይተናነቀኛል። ዝምድናችሁን አስረዱ ስላላችሁን ከደመላሽ ጋር የተጻጻፍነውን የስልክ መልእክት ሁሉ አስረከብናችሁ። ባልና ሚስት የተባባሉትን ለማያውቁት ቢሮ መስጠት በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ ግን ካልሰጠን አታምኑንምና አንገቴን ዳግመኛ ደፍቼ ሰጠሁ። እናንተም «በመምሪያው አስተርጓሚ» አስተረጎማችሁት። አስተርጓሚው ማሽን ከሆነ ይቅር ይበለው። ሰው ከሆነ ግን የማንን ጡት ጠብቶ አደገ?

«አመልካቿ ስፖንሰሩን በተደጋጋሚ አባቴ ትለዋለች፤ በመካከላቸው የአባትና የልጅ ዝምድና አለመኖሩ ይረጋገጥ» ይላል ደብዳቤዎ። «ስለ ሆዷም አዘውትራ ትጽፋለች፤ የሆድ ሕመም ካለባት በሐኪም ይገለጽ» ይላል። ሆዴ ያልኩት ባሌን ነው፤ ሕመም የለበትም። ሕመም የያዘኝ ይህን ሳነብ ነው።

ይህም ይሁን። ዋናው ቀጥሎ ነው፦ «የአመልካቿ ስም በመልእክቶቹ ውስጥ አንድም ጊዜ አይገኝም፤ በአንጻሩ ስፖንሰሩ ‹ዓለሜ› እያለ ለሚጠራው ማንነቱ ላልታወቀ አንድ ወንድ በየዕለቱ ይጽፋል።»

ክቡር ሆይ፣ ያ ወንድ እኔ ነኝ።

ደመላሽ በየማለዳው «የኔአለም፣ ደህና አደርክ? ቁርስ በላህ?» ብሎ ይጽፍልኛል። አስተርጓሚዎ ስሜን ስም መሆኑን ሳይጠይቅ ተረጎመውና ከመልእክቱ ሁሉ ጠርጎ አወጣኝ። «በላህ» የተባልኩትም ወንድ ስለሆንኩ አይደለም፤ በእኛ ቋንቋ ሰው የሚወዳትን ሴት ሲያቆላምጥ እንደ ወንድ ይጠራታል፤ እናቴም ስትስመኝ «አንተ» ትለኛለች። ይህን ጉንደ ወይን ገበያ የሚውል ማንም ሰው ያውቀዋል። ወረቀቶቼን በሱቋ የምታትምልኝ ጓደኛዬ ፋኢዛ ደብዳቤዎን አንብባ ስትጨርስ ወንበሯን ይዛ «አንቺ! ይሄ ዓለሜ የሚሉት ሰውዬ ቁመናው እንዴት ነው? ወንድም ካለው ለእኔም ንገሪልኝ» አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰፈሩ ሲያየኝ «ዓለሜ፣ ሰላም ነህ?» ይለኛል። ለእነሱ መሳቂያ ስላደረጉኝ አመሰግናለሁ፤ በዚህ ክፉ ዘመን ሰው የሚስቅበት ነገር አጥቶ ነበር።

፬ኛ. ይህን ቁጥር ልዘለው አስቤ ነበር። አልቻልኩም።

ሚያዝያ ላይ ደመላሽ በሽታው ያዘው፤ ከምትጦሩት አንድ ሽማግሌ ነው የተጋባበት። ብቻውን ክፍል ውስጥ ዘጉበት። ሾርባ በር ላይ አስቀምጠውለት ይሄዳሉ፤ እሱ ግን ሽታም ጣዕምም ጠፍቶበት፣ ምግብ አስጠልቶት፣ ማንኪያ ማንሳት አቃተው። እኔ ምን አቅም አለኝ? ያለኝ ስልክና አማርኛ ነው። «አባቴ፣ አፈር ስሆን፣ አንዲት ማንኪያ ብቻ ቅመስልኝ። እኔ ልሙት» ብዬ ጻፍኩለት።

ይህን እርስዎ እንዲህ አድርገው መዘገቡት፦ «አመልካቿ ሞትን ትመኛለች፤ ወደ አፈርነት እንደምትለወጥም ታምናለች፤ የአእምሮ ጤና ማስረጃ ታቅርብ።»

እኛ አገር ሰው ብላ ሲባል ይሞቱለታል እንጂ ቅጽ አይሞሉለትም። ያቅለሸለሸኝ አለማወቃችሁ አይደለም፤ ቋንቋ ሁሉ አይታወቅም። ያቅለሸለሸኝ አንዲት ሴት ባሏን ከሞት አፍ ስትለምን የዋለችበትን ገጽ ይዞ፣ ረጋ ብሎ፣ በማስመሪያ ቀይ መስመር የሚያሰምር እጅ መኖሩ ነው።

ደመላሽ ያን ዕለት ሾርባውን ቀመሰ። «ቀመስኩልህ፣ የኔአለም» ብሎ ጻፈልኝ። እዚህ ቤት ከእናቴ ጋር ተቃቅፈን አለቀስን። «ላልታወቀ ወንድ የተላከ» ብላችሁ ካቀረባችሁብኝ ማስረጃ ዋነኛዋ ይህቺው ናት።

፭ኛ. አምስተኛ የለኝም። ደመላሽ ድኖ ወደ ሥራው ተመልሷል፤ አሁንም ሰዎቻችሁን ያጎርሳል፤ ማታ ብቻውን ይበላል።

እንግዲህ የጠየቁኝ ማብራሪያ ይኸው ነው፤ መዝገቡን መዝጋትም መክፈትም በእጅዎ ነው። እኔ ግን አንድ ነገር ልለምንዎ፦ ሲመልሱልኝ በስሜ ይጥሩኝ። የኔአለም። አይተርጉሙት፤ እንዳለ ይጻፉት። ከተቻለም የራስዎን ስም ግርጌው ላይ ያኑሩልኝ፤ ስሟ አልተገኘም ብሎ ሰውን የሚከስ ቢያንስ የራሱ ስም ቢኖረው ደግ ነው። ይህን ደብዳቤ ለሕዝብም ስለማወጣው፣ የምታነቡት ወገኖቼም፣ «ሆዴ» በማለታችሁ ሕመምተኛ፣ «እናቴ» በማለታችሁ ባለጌ፣ «ልሙት» በማለታችሁ እብድ የተባላችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ ወረቀቱን አንድ ላይ ይዘን እንድንቀርብ፤ እኔም ብቻዬን ቋሚ እንዳልሆን።

ለፍጹም ንቃትዎ፣ ለማይደክመው ቀይ እስክሪብቶዎና ለሌለው ስምዎ ወደር የለሽ አክብሮቴን እየገለጽኩ፣ አንገቴን ለሦስተኛ ጊዜ ሳልደፋ፣

የኔአለም ሙላት
ከጉንደ ወይን፣ ምሥራቅ ጎጃም

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ያው አስተርጓሚ የተረጎመልዎ እንደሆነ ፊርማዬ ያለበት ቦታ ላይ «ዓለሜ» የሚል ቃል ብቻ ያገኛሉ። አይደንግጡ፤ የፍቅር ደብዳቤ አይደለም። አለቃዎ ግን አይተውት በእርስዎና በአንድ ማንነቱ ባልታወቀ ወንድ መካከል ያለው ዝምድና ይብራራ ቢሉ፣ ፎቶግራፍ አዘጋጅተው ይጠብቁ። ያለ ጭምብል ይነሱ። ፈገግ ማለትዎንም አይርሱ።