የማዕዘኑ መብራት በየትኛው አጀንዳ ይገባል?

ለተከበሩ የዴልፎርድ ከተማ ምክር ቤት ሰብሳቢ፣ ለሚስተር ራንዳል ኮፍ
ዴልፎርድ፣ ኦሃዮ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ባለፈው ስብሰባ ሳል ይዞዎት ስለነበር አሁን ተሽሎዎት እንደሚሆን ከልቤ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ቨርዴል ሁድ እባላለሁ፤ ማይክሮፎኑን ሁለት ጊዜ ያጠፉባት ሴት ብል ቶሎ ያስታውሱኛል።

ልጄ ጃማሪ ባለፈው ጥር ሳይነጋ ወደ ሥራ ሊሄድ በሆሊስ ጎዳና ማዕዘን አውቶቡስ ሲጠብቅ ተተኩሶበት ሞተ። የማዕዘኑ መብራት ከተበላሸ ቆይቶ ስለነበር የገደለውን ያየ ሰው የለም። አሁን እህቱ ታሊያ ትምህርት ቤት ለመሄድ በዚያው ጨለማ ትቆማለች። ከእናንተ የምለምነው አንድ መብራት ብቻ ነው።

አንደኛው ቅሬታዬ ይህ ነው። ከማዕዘኑ አጠገብ ባለው ባዶ ቦታ ላይ አፓርታማ እንዲሠራ ከተፈቀደ አዲስ መብራት የሚተክለው ሕንፃውን የሚሠራው ነው ተብዬ ስለነበር፣ ስለ መሬት አጠቃቀም ለውጥ ስትወያዩ ተራዬን ጠብቄ ቆምኩ። ከእኔ በፊት ጎረቤቴ ሚስተር ፕሪንግል ሕንፃው የቲማቲማቸውን ፀሐይ እንደሚከልል ሲያስረዱ ሁላችሁም ማስታወሻ ያዛችሁ። እኔ የልጄን ስም ስጠራ ግን "እመቤት፣ ይሄ የፖሊስ ጉዳይ ነው፤ ከአጀንዳው አይውጡብን" አሉኝ። እውነትዎን ነው፤ የሞተ ልጅ በማንም ቲማቲም ላይ ጥላ አይጥልም።

ሁለተኛ፣ የፖሊስ በጀት ተራ ሲደርስ ተመልሼ ቆምኩ። ግማሹ አዳራሽ "ጨምሩ!" ግማሹ "ቀንሱ!" ይል ነበር፤ እኔን የጠየቀኝ ባይኖርም ሁለቱም ወገን የጃማሪን ፎቶ ይዘው ነበር። መብራት ስል "እመቤት፣ መብራት የመሬት አጠቃቀም ነው፤ ያ አጀንዳ ደግሞ ተዘግቷል" አሉኝ። ያኔ የቤተ ክርስቲያን እህቴ ሚስ ኦፓል ከወንበሯ ሆና "ቨርዴል፣ ነይ ቁጭ በይ የኔ እናት! እነዚህ እኮ ፀሐይዋንም በየትኛው ኮሚቴ እንደምትወጣ ሳይወስኑ አያስወጧትም" አለች። ሕዝቡ ሲስቅ እርስዎ መዶሻዎን መትተው ጸጥ አሰኙልን። አመሰግናለሁ፤ ከቀብሩ ወዲህ የሳቅሁት ያኔ ብቻ ነበር፣ እሱም በሥርዓት ቆመ።

ሦስተኛም ነበረኝ፣ ግን እጄ ደከመ። ይልቅ እርስዎ ይንገሩኝ፤ ልጄ አውቶቡሷ እስኪመጣ በየትኛው አጀንዳ ላይ ትቁም?

በሚቀጥለው ስብሰባም ከፊት ወንበር የሚያገኙኝ፣ በአክብሮት እጅ የምነሳ፣ የአንድ ሟችና የአንዲት በሕይወት ያለች ልጅ እናት፣
ቨርዴል ሁድ

ሳልረሳው፦ ትናንት ሚስተር ፕሪንግል ከበረንዳቸው የኤሌክትሪክ ገመድ ስበው የማዕዘኑ ምሰሶ ላይ አምፖል ሰቀሉልን። ቲማቲማቸውን እግዚአብሔር ይባርክላቸው። ፈቃድ የሌለው መብራት ነው ተብሎ፣ ጃማሪ ደሙ እየፈሰሰ ሳለ ያልደረሰው የፖሊስ መኪና ሳይውል ሳያድር ደርሶ አወረደው። ስለ ፍጥነታችሁ አመሰግናለሁ። ነገ ማለዳ ታሊያ እሱም ፈቃድ የሌለው የእጅ ባትሪ አብርታ ትቆማለች፤ ያኔ ለእሷም እንዲሁ ፈጥናችሁ ትደርሱላት ይሆናል።