«ደህና ነን» ያልን ጊዜ

ሐረር፣ ፈላና በር
ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.

ለማከብርሽና ለምወድሽ ታላቅ እኅቴ፣

እታለም፣ እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? አሰበ ተፈሪ ብርዱ ገባ ወይ? ስለ እኔ የሆነ እንደሆነ ደህና... አይ፣ ዛሬ እንዲህ ብዬ አልጀምርም። የምነግርሽ ወሬ ከዚህችው ቃል የተነሣ ነውና ታገሺኝ። እጄ ቸኩሎ ፊደሉን ቢያጣምመው አትፍረጂብኝ፤ የምጽፈው ራሴ ነኝ። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ፊደል እየለቀምሁ ማንበብ ለምጃለሁ። ደብዳቤ ጻፉልኝ ብዬ ሰው መለመን ቀርቷል።

እታለም፣ ክሊኒክ ሊሠራልን ነው! ዛሬ ጠዋት ገመድና ችካል ይዘው መጥተው ከበሩ አጠገብ ያለውን ባዶ ቦታ ለኩት!

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። አምና ከመንግሥት የተላኩ መዝጋቢዎች መጥተው ነበር። በሽታ የበዛበት ሰፈር ክሊኒክ ይሠራለታል ተብሎ ቤት ለቤት ዞሩ። ወደ እኛ የመጣው ጎረምሳ በየደጁ ቆሞ «እንዴት ናችሁ? ጤና ናችሁ?» ይላል። እንግዳ ደጁ ቆሞ የእኛ ሰው ምን ይበል? አባባ እንደሻው በአስሙ ምክንያት ጋደም ብለው መተኛት ከተዉ ዘመን ሆኗቸዋል፤ እሳቸው እንኳ ከመቀመጫቸው ተነሥተው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናንተስ? ቤተ ሰብ ደህና?» አሉ። ጎረቤቴ አሚና ሕፃኗ በተቅማጥ ደርቆ ከውስጥ ተኝቶባት «አልሐምዱሊላህ» አለች። እኔም ደህና ነኝ አልሁ። ልጁ ሁሉንም እንዳልነው ጻፈና ሄደ።

ክረምት ሳይገባ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ሰፈሩ ተሰብስቦ አንብቢልን አለኝ፤ አነበብሁ። በፈላና በር ሰፈር ይህ ነው የሚባል በሽታ ስላልተገኘ ክሊኒኩ የሚሠራው ሹማምንቱ ሰፈር ነው ይላል። እዚያ እኮ ቧንቧው ግቢ ድረስ ገብቷል፤ የታመመ ሰው ሆስፒታል የሚሄደውም በመኪና ነው። እኛ የምንጠጣውን ታውቂዋለሽ፣ አህያ ከወንዝ የሚያመጣውን። ወይዛዝርቱ ግን ሲጠየቁ ራስ ምታቱን፣ ወገቡን፣ እንቅልፍ ማጣቱን አንድም ሳያስቀሩ ተናግረዋል። መጀመሪያ ሳቅን። ኋላ ግን አሚናን አየናት፤ ሕፃኗን ከቀበረች ገና መንፈቅ አልሞላትም ነበር።

ድገሙልን ብለን ማዘጋጃ ቤት ተመላለስን፤ በስንት መከራ እሺ ተባልን። ያን ጊዜ ሰዉን ግቢዬ ሰብስቤ አለማመድሁት። እኔ፣ እታለም፣ መዝጋቢ ሆንሁ! «እንዴት ናችሁ?» ስል አባባ እንደሻው አሁንም «ደህና፣ እግዚአብሔር...» ሲሉ አሚና «ታዲያ አባባ፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚያፏጩት ለሰርግ ነው?» ብላ ግቢውን በሳቅ አናጋችው። አማቷ እማማ ኸዲጃ ግን ተቆጡ፤ ማመስገን ከተውን አላህ ምን ይለናል አሉ። «ለአላህ ያመስግኑ፣ ለመዝጋቢው ሕመሙን ይንገሩ። አላህ ያውቀዋል፤ የማያውቀው መዝጋቢው ነው» አልኋቸው። አሰብ አደረጉና «ኢንሻአላህ» አሉ።

ባለፈው ወር ያው ጎረምሳ መጣ። ምነው በኖርሽና ባየሽ! እማማ ኸዲጃ በአልሐምዱሊላህ ጀምረው ከዐይናቸው እስከ ቁርጥማታቸው ዘረዘሩለት። አባባ እንደሻው ደረታቸውን ገልጠው «እስቲ ጆሮህን ጣል» አሉት። ልጁ ግራ ገብቶት አምና የት ነበራችሁ ቢል አሚና «እዚሁ፤ ሰላምታ ላይ ነበርን» አለችው። እሱ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ የሕፃኗን ነገር ነገረችው።

ከዚያ የእኔ ደጅ ደረሰ። ብቻዬን ነኝ፣ ደህና ነኝ ብለው ይበቃ ነበር። ከዚህ ቤት የሚታመም አለ ወይ አለኝ። የምትስል ልጅ ነበረች አልሁት። አሁን የት ናት አለ። በእጄ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መቃብር አመለከትሁት። «ነበረች አይመዘገብም እናቴ፤ ያለውን ብቻ ነው» ሲለኝ «ጻፍ!» አልሁት። ድምፄ ራሴን አስደነገጠኝ፤ እኔ መቼ ጮኼ አውቃለሁ? «ተናኘወርቅ ብለህ ጻፍ። ትስል ነበር፤ ለጠየቀ ሁሉ ግን ደህና ናት ይባል ነበር።» ጻፈው።

ዛሬ ገመዱን የዘረጉት የት መሰለሽ? ልጅሽ ተናኘወርቅ፣ አሳድጊልኝ ብለሽ እጇን ይዘሽ ካመጣሽልኝ ቀን ጀምሮ፣ ገመድ ስትዘልበት ከነበረው ቦታ ላይ። ሠራተኞቹ እስኪሄዱ ድረስ ቆሜ አየሁ።

ሕመሟን ደብቄ በደብዳቤ ሁሉ «ደህና ናት» አስብልሽ ነበር፤ እሷ ካረፈች ወዲህ ለደብዳቤዬ መልስ ሳይመጣ ብዙ ፋሲካ አልፏል፤ አልቀየምሽም። ምናልባት የጻፍሽልኝ እንደሆነ ግን «ደህና ነኝ» ብለሽ አትጀምሪ። የሚያምሽን ንገሪኝ። አሁን ማንበብ እችላለሁ።

መድኃኔ ዓለም ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ ክሊኒኩ ሲመረቅ መጥተሽ ከደጁ እንድትቆሚ ያብቃሽ።

ያችው ታናሽሽ