በቀጠሮ ቀን ብቻ ለሚታመሙት ጠበቃ

ለክቡር አቶ ሕሩይ በርናባስ፣
የሕግ ጠበቃና የፈጣን ፍትሕ አማካሪ ጉባኤ ሰብሳቢ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ? ጨጓራዎ፣ ወገብዎ፣ የደም ግፊትዎ እንደምን አሉ? ይህን የምጠይቀው ለወጉ ያህል አይደለም፤ በቤታችን እንደ እርስዎ ጤና ያስጨነቀን ነገር የለምና። እናቴ ወይዘሮ አሳየች ደንበኛዎን ከከሰሰች ጀምሮ ፍርድ ቤት በሄድን ቁጥር የምንሰማው የክሳችንን ነገር ሳይሆን የእርስዎን ሕመም ነበር።

ሲግናል ተወልጄ ያደግኩ፣ ሾላ ገበያ ቅመም የምሸጥ ነፃነት ነኝ። እርስዎም የሰፈራችን ልጅ ስለሆኑ አያውቁኝም ብዬ አልጠረጥርም። ደንበኛዎ የሆነው ድርጅት የጓሯችንን እኩሌታ በቆርቆሮ አጥር ከልሎ መሠረት ሲቆፍር የቤታችን ግድግዳ ተሰንጥቋል፤ እናቴም የከሰሰችው አጥሩ ወደ ቦታው ይመለስልኝ ብላ ነው። ነገሩ ይኸው ነው። ጊዜዎን ላለመሻማት ቅሬታዬን በቁጥር አስቀምጫለሁ።

1ኛ. በመጀመሪያው ቀጠሮ መታመምዎን የሚገልጽ የሕክምና ማስረጃ ቀርቦ ጉዳዩ ለሌላ ጊዜ ሲተላለፍ እኔ ተናደድኩ፤ እናቴ ግን ደነገጠች። ከእናትዎ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ የኖረች፣ በልጅነትዎ ኩፍኝ ሲይዝዎ ተራ ገብታ ያስታመመችዎ ሰው ናትና። «ክስ ሌላ፣ ሕመም ሌላ፤ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አይሆንም» ብላ ብርቱካን አስገዛችኝና ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ ካለው ግቢዎ ይዛኝ መጣች። ዘበኛዎ አቶ ገረሱ ሕመምተኛ ልንጠይቅ መምጣታችንን ሲሰሙ ግራ ተጋብተው «ማን ታመመ? ጋሼ እንደሆኑ ጫካ ሊሮጡ ወጥተዋል» አሉን። ብዙም ሳንቆይ እርስዎ በቱታ፣ ላብ በላብ ሆነው ከተፍ አሉ። እኔ የምገባበት ጠፋኝ። እናቴ ግን እጇን ግንባርዎ ላይ አድርጋ «እሰይ የኔ ልጅ፣ ላብ ወጣልህ! ትኩሳቱ ለቀቀህ ማለት ነው፤ እግዜር ጨርሶ ይማርህ» አለችዎ። እርስዎም ብርቱካኑን ተቀብለው «አሜን» አሉ። እኔ እውነቱን ልነግራት አልደፈርኩም።

2ኛ. በሚቀጥለው ቀጠሮ ወገብዎ ይዞዎት ከአልጋ መነሳት እንዳቃተዎ ተነገረን። በዚያው ምሽት በቴሌቪዥን ቀጥ ብለው ቆመው ፍርድ ቤቶች ጉዳይ እንዳያጓትቱ ሲመክሩ አየንዎ። እናቴ «ከነሕመሙ ሥራውን አይተው፤ ምስኪን» አለች።

3ኛ. አንድ ቀን ልለምንዎ ቢሮዎ መጥቼ ሳላገኝዎ ተመልሻለሁ፤ ግድግዳዎን ግን አይቼዋለሁ። ዐቃቤ ሕግ ሳሉ አብረዋቸው ፎቶ የተነሱት ባለሥልጣን ከወንበራቸው ሲወርዱ ፎቶው አብሮ መውረዱን፣ አማካሪ ሳሉ የተተካውም እንዲሁ መሆኑን ሰፈሩ ያወራል፤ አሁን ያለው አዲስ ነው፣ የተሰቀለበት ሚስማር ግን ያው የድሮው ነው። ያኔ መሬት ወረሩ ብለው ለከሰሷቸው ሰዎች ዛሬ በጠበቃነት ይከራከሩላቸዋል። የከሰስነው ድርጅት ባለቤትም ከእነሱ አንዱ ናቸው። ይህን ያህል ሰው በሁለቱም በኩል ማገልገል ድካም ነው፣ ጤናዎ ቢታወክም አያስደንቅም።

4ኛ. ክረምቱ ሲገባ እናቴ በእውነት ታመመች። ያም ሆኖ እየደገፍኳት፣ በመገናኛ የታክሲ ግፊያ እየታሸች፣ አንድም ቀጠሮ አልቀረችም። የሕክምና ማስረጃ ላውጣልሽ ስላት «ሕሩይም ታሞ እኔም ከቀረሁ ዳኛው ማንን ሊያናግሩ ነው?» አለችኝ። ሐምሌ ላይ ዐረፈች። በቀበርናት ማግስት ቀጠሮ ነበረን፤ እኔ ፍራሽ ላይ ተቀምጬ እያለቀስኩ ስለ ቀጠሮ የማስብበት ልብ አልነበረኝም። እርስዎ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ በሙሉ ጤንነት፣ ከሁሉ ቀድመው ችሎት ተገኝተው ከሳሽ ስላልቀረበች መዝገቡ ይዘጋልኝ አሉ። ዳኛው የቀረችበትን ምክንያት ያውቁ እንደሆነ ሲጠይቁዎ «አላውቅም» ብለው መመለስዎ ተጽፏል። መዝገቡም ተዘጋ። ለእርስዎ የወገብ ሕመም በቂ ምክንያት ሆኖ ሳለ ለእናቴ ሞት በቂ አልሆነላትም። ይህን የምጽፈው በሐዘን ብቻ እንዳይመስልዎ፣ በንዴትም ነው።

እንግዲህ ስለ ሁሉም አመሰግናለሁ። እናቴ ሳል ይዞ ስርቆት አይሆንም ስትል እንደተሳሳተች ስላሳዩን፣ ብርቱካናችንንም ስላልናቁብን ምስጋናዬ የላቀ ነው። መዝገቡ እንዲከፈት በወራሽነት አመልክቼ ቀጠሮ ተሰጥቶኛል። አጥሩ ግን የፍርድ ቤት ቀጠሮ የሚጠብቅ ዓይነት አልሆነም፤ መዝገቡ ከተዘጋ ወዲህ ተገፍቶ ወጥ ቤታችን ጥግ ደርሷል፣ ማመልከቻዬ ውድቅ ከሆነ ቀጥሎ የሚደርሰው እናቴ ከሞተችበት ክፍል ነው። ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በቀጠሮው ቀን ይምጡና ያችን «አላውቅም» የምትለዋን ቃል እኔ በቆምኩበት ይድገሟት።

ጤናዎን ከሐኪሞችዎ ይበልጥ የምትከታተል፣
ለወገብዎ ጽናትን፣ ለግንባርዎ ላብን የምትመኝ፣
አክባሪዎ ነፃነት፣ የአሳየች ልጅ፤
ከሲግናል።

የተረሳ፦ እናቴን በቀበርንበት ዕለት ከድንኳናችን ገብተው፣ ከእድርተኛው መካከል ተቀምጠው ንፍሮ ዘግነው፣ «እግዜር ያጽናሽ» ብለውኝ ሲሄዱ ጥቁር ጃንጥላዎን ረስተዋል። እጀታው ላይ ስምዎ ተቀርጾበታል። በአደራ አስቀምጬዋለሁ፤ የምመልስልዎ በቀጠሯችን ቀን፣ ከዳኛው ፊት ስለሆነ እባክዎ ያን ቀን እንዳይታመሙብኝ።