ያልተነካው ብርና ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ወልደ ገብርኤል

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ወልደ ገብርኤል ከአባታቸው ከቄስ ወልደ ገብርኤል ተድላና ከእናታቸው ከወይዘሮ መሰለች ካሴ በ1893 ዓ.ም. ገብሱ እሸት በያዘበት ሰሞን በጋይንት፣ ከቤተ ልሔም ደብር በታች ባለው መንደር ተወለዱ። ሴት ልጅ ለትምህርት በማትታሰብበት በዚያ ዘመን አባታቸው ከደብሩ ተማሪዎች ዳር አስቀምጠው ፊደል አስቆጠሯቸው፤ ዳዊት እስከ መድገምም ደረሱ። አንዱን መስመር ሁለት ጊዜ ሳያዩ ስለማያልፉ መምህራቸው “ይቺ ልጅ መጽሐፉንም አታምነውም” ይሏቸው እንደነበር ይነገራል።

በ1909 ዓ.ም. ከስማዳው ነጋዴ ከአቶ ደምሌ አያሌው ጋር በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ጋብቻ ፈጽመው ወገዳ ገቡ። መንግስቴንና ማሬንም ወለዱ። በትዳራቸው መጀመሪያ ዓመት ባለቤታቸው ሳይኖሩ አንዲት በቅሎ ሸጡ። ከተቀበሉት ጠገራ ብር አራቱ ብር የተቀባ እርሳስ ሆኖ ተገኘ። በቅሎዋን የገዛቸው ሰው ዳግመኛ ገበያው ላይ አልታየም። ያን ቀን እህል አልቀመሱም፤ ከዚያ ቀን በኋላም የሰው ቃል ሳይመረምሩ ተቀብለው አያውቁም።

ከዚያ ወዲህ ብርን በድምፁ፣ በክብደቱና በላዩ በተሳለችው ንግሥት ዘውድ ላይ ባሉት ፈርጦች ይለዩ ጀመር። በ1931 ዓ.ም. አቶ ደምሌ በሕመም ሲያርፉ ንግዱን ብቻቸውን ያዙ። የወገዳ ገበያተኛም “ማንጠግቦሽ ትየው” ሳይል በሬ አይሸጥም ነበር። ቅቤ ሲገዙ እስከ ቅሉ ወገብ እንጨት ሰደው ያያሉ፤ ማር ሲገዙ ከላይም ከታችም ይቀምሳሉ። የሣጥናቸው ቁልፍ ከማተባቸው ጋር በአንገታቸው የሚውል ነበር፤ ለገዛ ልጆቻቸው እንኳ አይሰጡትም።

የሚከተለውን ታሪክ ቤተሰቡ ሊተወው ይችል ነበር። ሆኖም እሳቸው በሕይወት ሳሉ “ስሞት ደግ ነበረች እያላችሁ እንዳትዋሹብኝ፤ የምራቴን የተሾመችን ነገር አንብቡ” ብለው ስላዘዙ እነሆ ይነበባል።

በመስከረም 1958 ዓ.ም. የወንድማቸው ልጅ አቶ ቻላቸው አዲስ አበባ ከሚሠራበት የውጭ ንግድ ቤት መጣ። አሠሪው ሲሰናበተው የሰጠውን ብር የመስታወት ክዳን ባለው ትንሽ ሣጥን ይዞ ነበር። ብሩ ለመታሰቢያ ባሕር ማዶ የተመታ ነው። መደቡ እንደ መስታወት ፊት ያሳያል፤ በላዩ ያለው ምስል ግን አመዳይ የወረደበት መስሎ ይነጣል።

“አክስቴ፥ ይህ ለገበያ የተመታ አይደለም” አላቸው። “ማተሚያውም ብሩም አስቀድሞ ተወልውሎ፣ ሁለት ጊዜ ተመትቶ ነው እንዲህ የሆነው። የተመታውም ጥቂት ነው። አሰባሳቢዎች የሚወዱት እጅ ስላልነካው ነው። ሦስት በሬ የሚያስገዛ ዋጋ ሊከፍለኝ ቃል የገባ ሰው አለ፤ እስኪመጣ አስቀምጪልኝ። በጣትሽ እንዳትነኪው፤ በጨርቅም እንዳታብሽው።”

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ብሩን ከሩቅ አዩትና “እጅ የማይነካው ገንዘብ፣ ምን ያለ ገንዘብ ነው? የሚደብቀው ነገር ቢኖረው ነው እንጂ” አሉ። የእውነት ይሁን የሐሰት ልባቸው ሳይቆርጥ በሣጥናቸው ውስጥ ከጌጡ ስር አኖሩት።

በዚያው ዓመት የጥምቀት ዋዜማ ሲቃረብ አሟቸው ተኙ። የልጃቸው የመንግስቴ ባለቤት ወይዘሮ ተሾመች ሀይሌ የእስቴ መካነ ኢየሱስ ልጅ ስትሆን የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ለበዓሉ የብር መስቀሎቹንና አምባሩን እንድታጸዳ ቁልፉን ለመጀመሪያ ጊዜ ከአንገታቸው አውጥተው ሰጧት። ከጌጡ ስር ግን የቻላቸው ብር እንዳለ መንገር ረሱ።

ከሕመማቸው ሲነሡ ሣጥኑን ከፈቱ። ብሩ ደብዝዟል። እንደ መስታወት ማብራቱ ቀርቷል፤ አመዳዩም የለም፤ ፊቱን ሁሉ ቀጭን ጭረት ሞልቶታል።

“እማማ፥ ጥግ ጥጉ ቡናማ እየሆነ ነበር፤ ዝጎ እንዳይቀር ብዬ ከትንሹ ሣጥን አውጥቼ ከጌጡ ጋር በአመድና በሎሚ አሸሁት” አለች ተሾመች።

“ብር ባሹት ቁጥር ያበራል እንጂ መቼ ይደበዝዛል? ይህን ለኔ ነው የምትነግሪኝ?” አሉ። ሃምሳ ዓመት ያህል ብር ሲለዩ የኖሩ ሴት ናቸውና የሚያውቁት ነገር ራሱ አሳታቸው። በዚያ ሳምንት የተሾመች ወንድም ለንግድ ደብረ ታቦር መውረዱን አስታወሱ። ልጅቱ ከዓይናቸው ዓይኗን መስበሯንም አሰቡ። ሌላው ሁሉ በዚህ ላይ ተገነባ፤ ብሩ ተለውጧል፤ ለዋጩም ታውቋል።

በቤተ ክርስቲያን ደጅ ትማል ብለው ሽማግሌ ላኩ። አባቷ አቶ ሀይሌ “ያልሰረቀች ልጅ ለምን ትምላለች?” ብለው በቅሎ ልከው ወሰዷት። መንግስቴ በእናቱና በሚስቱ መካከል ቆሞ ቀረ፤ አራት ወር ሙሉ ከእናቱ ጋር ገበታ አልቀረበም። ወይዘሮ ማንጠግቦሽም በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድም ቀን ተሳስቼ ይሆን አላሉም።

በግንቦት ወር ቻላቸው ብሩን ሊወስድ መጣ። ነገሩን ሲሰማ የአጥቢያውን መሪጌታ ተክለ ማርያምንና ሁለት ሽማግሌዎችን አስጠርቶ፣ ከኪሱ አጉሊ መነጽር አውጥቶ ብሩን በፀሐይ ያዘው።

“የፊደሎቹን ሥር እዩ፤ አመዱ ያልደረሰበት ቦታ አሁንም መስታወት ነው። ጠርዙም ቀጥ ብሎ እንደ ስለት የተሳለ ነው፤ የገበያ ብር እንዲህ አይደለም። የኔው ብር ነው፤ አልተለወጠም። መስታወቱ ስስ ነው፤ ሲያሹት ይገፈፋል እንጂ አይጨምርም።”

መሪጌታም በተራቸው አይተው “እውነት ነው፤ ይታያል” አሉ።

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ መነጽሩን ተቀበሉ። እንደ ልማዳቸው ሁለት ጊዜ አዩ። “አሁን ምን ያወጣል?” ብለው ጠየቁ።

“የብሩን ክብደት ያህል ብቻ።”

“በሬዎቼን ውሰድ።”

“አክስቴ፥ በሬዎቹን ተይ። ወደ እስቴ ሂጂ።”

ዝናቡ ጠንቶ ወንዙ ሳይሞላ መንግስቴን ይዘው በበቅሎ ተነሡ። ሁለት ቀን ተጉዘው መካነ ኢየሱስ ሲደርሱ ከአቶ ሀይሌ አጥር ውጭ ወርደው ለይቅርታ ድንጋይ አንሥተው በአንገታቸው ተሸክመው ተንበረከኩ። አማት ለምራቷ ድንጋይ ስትሸከም በዚያ አገር ታይቶም ተሰምቶም አያውቅምና ጎረቤት ሁሉ ተሰበሰበ። አቶ ሀይሌ “የተበደለችው እሷ ናት፤ ታውርድ” ብለው ገለል አሉ። ተሾመች ግን አልወጣችም። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ድረስ የስድሳ አምስት ዓመት ሴት እንደ ተንበረከኩ ቆዩ። መንግስቴ ሊያግዛቸው ቢል በእጃቸው ገፉት።

በመጨረሻ ተሾመች ሆዷን ደግፋ ወጣች። “ድንጋዩን አወርድልዎታለሁ” አለች። “ወገዳ ግን ቁልፉን ካልሰጡኝ አልመለስም። አንድ ቀን ሰጥተው ሌባ አሰኝተውኛል።”

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ አንገታቸውን ጎንበስ አድርገው “ድንጋዩን ስታወርጂ አብረሽ ውሰጂው” አሉ። ተሾመችም ሁለቱንም ወሰደች።

ልጁ በሰኔ ተወለደ፤ በአርባ ቀኑ ተጠምቆ ቀለመ ወርቅ ተባለ። ቻላቸው ብሩን ለመካነ ኢየሱስ አንጥረኛ ሰጥቶ የአንገት መስቀል አሠራለት።

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ከዚያ ወዲህ ተጠራጣሪነታቸውን ተዉ ብንል ውሸት ይሆናል። ቅቤው ውስጥ እንጨት መስደዱን እስከ መጨረሻ አልተዉም። ነገር ግን ስለ ሰው ክፉ ሲወራ “በዓይንሽ አይተሻል?” ብለው መጠየቅ ጀመሩ፤ አላየሁም ላለቻቸውም ፊታቸውን ያዞሩ ነበር።

በ1965 ዓ.ም. መግቢያ ጉበታቸውን አመማቸውና ደብረ ታቦር ሐኪም ዘንድ ተወሰዱ። ሐኪሙን “መድኃኒቱ ደህና ከሆነ አስቀድመህ ራስህን ውጋ” ማለታቸው አልቀረም። ሕክምናው ስላልረዳቸው ወደ ወገዳ ተመለሱ። ሦስት ወር ሙሉ እያጠበች፣ እያጎረሰች፣ እያገላበጠች ያስታመመቻቸው ተሾመች ናት። ከእሷ እጅ በቀር የማንንም ውኃ አልጠጡም፤ እሷ ያቀረበችውንም ከመጠጣታቸው በፊት አላሸተቱም። የካቲት 9 ቀን 1965 ዓ.ም. በሰባ ሁለት ዓመታቸው፣ ንስሐ ገብተውና ሥጋ ወደሙ ተቀብለው፣ ጧት ላይ ዐረፉ።

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ልጆቻቸውን አቶ መንግስቴ ደምሌንና ወይዘሮ ማሬ ደምሌን፣ የወንድማቸውን ልጅ አቶ ቻላቸውን እንዲሁም አምስት የልጅ ልጆችን ትተው አልፈዋል። ከሁሉ አስቀድሞ እንዲጠራ በኑዛዜያቸው ያዘዙት ስም “ልጄ ተሾመች” የሚል ነበር። ጽሑፉን ያዘጋጀው ሰው ግን እንደ አገሩ ልማድ የሥጋ ልጆቻቸውን አስቀድሟልና ይቅር ይበሉት።

የፈጠራቸው አምላክ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ ማረፊያ ይቀበልልን፤ እዚህ ለቀረነው መጽናናትን፣ ላስታመመቻቸውም ዕድሜን ይስጥልን። አሜን።