በመስኮቴ የሚያልፈው ዘንቢል

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

ሰላምታዬ ከዚህ ወረቀት ቀድሞ ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ ተሻለሽ? ባልሽ ሥራ ተመለሰ ወይስ እንደኛ ሰፈር ሰው ግድግዳ ላይ አፍጥጦ ይውላል? ያቺ ጨቅላ ልጅሽስ ጥርስ አወጣች? እኛ አምላክ ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን፤ ከእኔ ሆድ በቀር ማለቴ ነው። እሱ ሲያርር ነው የሰነበተው።

በስልክ ያልነገርኩሽ እማዬ ስናወራ ጆሮዋን ስለምታቆም ነው። አንብበሽ ስታበቂ ቅደጂው።

በወረርሽኙ ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወዲህ ደረጃ ላይ ቆሞ ማውራት ክልክል ሆኗል። አራተኛ ፎቅ ያለችውን ድምቢጥን መቼም አትረሻትም፤ ከልጅነታችን ጀምሮ አንድ ወንበር የተጋራነው፣ «መንታ ናችሁ እንዴ?» እያልሽ የምትስቂብን። እሷና ሁለተኛ ፎቅ የገባው የልብስ ሰፊ ልጅ አሁን ጭምብል ይሠራሉ። ድምቢጥ ጨርቁን ቆርጣ በዘንቢል ታደርግና በገመድ ታወርዳለች፤ የሰፊው ልጅ በአባቷ የስፌት መኪና ሰፍታ መልሳ ትሰዳለች። መሃል ያለው መስኮት የማን ነው? የእኔ! ዘንቢሉ በአፍንጫዬ ሥር ይወርዳል፣ በአፍንጫዬ ሥር ይወጣል። አንድ ቀን እንኳ ቆም ብሎ እንዴት ዋልሽ አይለኝም። ታች ሲስቁ ላይ ሲመልሱ እሰማለሁ። ድምቢጥ እኔን ብቻ «አንቺ ጉደኛ» ትለኝ አልነበር? ያቺን ልጅም እንዲሁ ስትላት የሰማሁ ዕለት ምሳዬን አልበላሁም። ቀናሁ፣ እታለም። ምን እደብቅሻለሁ? ዓይኔ እስኪቀላ ቀናሁ።

ዘንቢሉ ለምን እንደሚያልፈኝ አልጠፋኝም። አባዬ በአምቡላንስ በሽተኛ ሲያመላልስ ስለሚውል፣ ሰዉ በራችን ጋ ሲደርስ ትንፋሹን ይዞ ነው የሚያልፈው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ብሎ የተረተው ሰውዬ በወረርሽኝ ጊዜ የአምቡላንስ ሹፌር ልጅ ሆኖ አያውቅም። አባዬ ገና በር ላይ ልብሱን ያወልቃል፤ እማዬ ቱታውን ትቀቅልና በበረኪና አጥባ መስኮቱ ላይ ታሰጣዋለች። በቀደም ነፋስ ነፈሰና ዘንቢሉ ሲወጣ ቱታውን ነካው። የድምቢጥ እናት ከላይ ስታይ ኖሯል፤ ጩኸቷ ሰፈሩን አናጋው፣ የተሰፋውን ጭምብል በሙሉ አቃጠለችው። ኤዲያ! በዚህ ሕንፃ ውስጥ ከአባዬ ቱታ የበለጠ የጸዳ ጨርቅ የለም እኮ! እማዬ ቱታውን ሰብስባ መታጠቢያ ቤት ሰቀለችው። እኔ ግን፣ እውነቱን ልንገርሽ? ደስ አለኝ። እሰይ፣ ልፋታቸው ገደል ገባ አልኩ። ምን ዋጋ አለው፣ በማግስቱ ገመዱ እንደገና ወረደ።

ባለፈው ሳምንት ሰፊው ታመመ። በራችንን ሲሸሽ የከረመው ሰው ሁሉ ያን ቀን በራችንን ደበደበው። አባዬ ምሳውን ትቶ ወረደና ሰውዬውን ደግፎ ወሰደው። ልጅቱና እናቷ ከቤት እንዳይወጡ ተባሉ። በማግስቱ ዘንቢሉ ወረደ፣ ወረደና እኔ መስኮት ላይ ቆመ! ውስጡ ብስኩት አለ። ድምቢጥ አንገቷን አውጥታ «አንቺ ጉደኛ፣ ናፈቅሽኝ እኮ!» አለችኝ። እናቷም ከአምቡላንስ ሹፌር ጋር መጣላት አያዋጣም ብላለች አሉ። ልቤ ዘለለ፣ አልዋሽሽም። «ለታችኞቹስ?» ብላት፣ «እነሱን ተያቸው፣ ይልቅ መስኮትሽን ዝጊ» አለችኝ። ወይ ነዶ! ለካ ተራ የደረሰኝ የሌላዋ ተራ ስለወደቀ ነው።

ዘንቢሉን ከገመዷ ፈታሁት። በእማዬ የልብስ ማስጫ ገመድ አሰርኩትና ሾርባና ዳቦ ጨምሬ ወደ ታች አወረድኩት። ደግ ሆኜ እንዳይመስልሽ፤ ድምቢጥ አይታ እንድትቃጠል ነው። እሷ ግን መስኮቷን ዘግታ ገብታለች። የሰፊው ልጅ ዘንቢሉን ስታይ ፊቷ በራ። ቀና አለችና እኔን አልፋ የላይኛውን መስኮት አየች። «እሷ ናት አይደል የላከችልኝ?» አለችኝ። ሾርባው የእኔ፣ ገመዱ የእኔ፣ እጁ የእኔ! ዓይኗን ሳየው ግን ሌላ ቃል አልወጣ አለኝና «አዎ፣ እሷ ናት» አልኳት።

ሰፊው እየተሻለው ነው ብሏል አባዬ። እኔም በየቀኑ ምግብ አወርዳለሁ፤ ልጅቱም በየቀኑ «ለድምቢጥ አመስግኚልኝ» ትለኛለች። እሺ እላታለሁ። እስካሁን ግን አንዱንም አላደረስኩም፣ እታለም፤ ለራሴ አስቀርቼዋለሁ።

ባልሽን በእኔ ስም ሰላም በይልኝ። አማትሽን ጉልበት ስመሽ፣ ልጅሽን ጉንጯን ነክሰሽ ሰላም በይልኝ። አባዬ ደህና ነኝ ንገሪያት ብሏል፤ እማዬ በደንብ ብዪ ትልሻለች። ትንሿ ለፍላፊ እህታችንም አሻንጉሊቴን የት ደብቀሽው ሄድሽ ብላ ጠይቃለች።

ታናሽ እህትሽ
ከሦስተኛ ፎቅ፣ ከመንገድ ዳር መስኮት
ረቡዕ ከሰዓት፣ ትምህርት ቤት በተዘጋ በአምስተኛው ወር